የዋጥኩት የሁመድ ቃል

ይህን ነገር ከአንድ ቀን በቀር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ስንት ዘመን አብራኝ ኖራ ዛሬም አታውቀውም። ለመስጊዳችን ኢማምም አልነገርኩም። ጫት ላይ ተቀምጦ ሆዱን የማይዘረግፍ ሰው የለም፣ እኔ አልዘረገፍኩም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ጎማ የሚለጥፍ ኮስታራ ሰውዬ አድርገው ነው የሚያውቁኝ። ኮስታራ አይደለሁም። አፌን ከከፈትኩ ይሄ ይወጣል ብዬ የምፈራ ሰው ነኝ።

እኛ ዘንድ ኃጢአትን ለሰው መናዘዝ የለም። አላህ የሸፈነብህን አንተ አትግለጥ ይባላል። አውቃለሁ። ግን የሰው ሐቅ የሚባል ነገርም አለ። የበደልከው ሰው ራሱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለህ፣ ግንባርህ እስኪላጥ ብትሰግድ አይለቅህም። እኔ የበደልኩት ሰው ባለፈው በጋ ሞተ። እንግዲህ ማንን ነው አውፍ በለኝ የምለው? አንተን፣ የምታነበውን? አንተ ምኔ ነህ? ግን ሌላ ሰው የለኝም፤ ስለዚህ ስማኝ።

ስሜ ሰኢድ ነው። አባቴ ከወሎ ጥጥ ለመልቀም ወርዶ እዚያው ቆላ የቀረ ሰው ነበር። እኔም እዚያው ጥጥ እርሻው ዳር ከአፋር ልጆች ጋር ስንከባለል አደግኩ። አፋርኛ ከአማርኛ እኩል አፌ ላይ አለ። ፊደል ግን አልቆጠርኩም። መጻፍ የለመድኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፣ እዚህ አዋሽ፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ ጉልበቴ ከማይገባበት የሕፃን ዴስክ ውስጥ ተወትፌ። አጻጻፌ ቢንከላወስ ታገሠኝ። የምጽፈው ግን የሆነውን ነው።

ያኔ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ገላፊ ድረስ እመላለሳለሁ። አንድ ቀን ሰመራ ሻይ ቤት ውስጥ ከሹፌሬ ጋር ተጣልቼ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሁለት ምሁራን አፋርኛ የሚችል ሰው ሲያጠያይቁ አገኙኝ።

አንደኛው ዶክተር ይልማ ነው። መሬት ቆፋሪ ነው፤ የጥንት ሰው ትቶት የሄደውን ሸክላና አጥንት እያወጣ የሚያጠና። ሁለተኛዋ ዶክተር ሰሎሜ ናት። እሷ የቋንቋ ምሁር ናት፤ ከሽማግሌ አፍ ቃል እየለቀመች፣ ከሌላው ቋንቋ ቃል ጋር እያስተያየች፣ የትኛው የየትኛው ዘመድ እንደሆነ ታጠናለች። ሁለቱም አውሮፓ ነው የተማሩት። ጭቅጭቃቸውንም ከዚያው ይዘውት ነው የመጡት።

ጭቅጭቁ እንዲህ ነው። ከህንድ ጀምሮ እስከ አውሮፓ ዳርቻ ድረስ የሚነገሩ ብዙ ቋንቋዎች የአንድ አባት ልጆች ናቸው አሉኝ። በዚህ ሁለቱም ይስማማሉ። የሚጣሉት፣ አባትየው የት ነበር የሚኖረው በሚለው ነው። ሰሎሜ፣ ልጆቹ የጋሪን እግርና ቀንበርን የሚጠሩበት ስም ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው ትላለች፤ እንግዲያው ሳይበታተኑ በፊት አባታቸው ጋሪ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ጋሪ የመጣበት ዘመን ደግሞ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሰዎቹ ከጥቁር ባሕር በላይ ባለው ሜዳ ከብት የሚያረቡ ነበሩ። ይልማ ደግሞ፣ ይሄ ሁሉ የአፍ ስሌት ነው ይላል። ቋንቋ ይህን ያህል አገር የሚያዳርሰው ሕዝብ ዘርና ቤተሰቡን ይዞ ሲነቀል ነው፤ ያ ደግሞ ገበሬዎች ከዛሬዋ ቱርክ አገር የወጡ ጊዜ ነው፣ ከጋሪ በፊት ብዙ ሺህ ዓመት ቀድሞ፤ መሬቱን ስትቆፍር የምታየው ይሄንን ነው። እሷ፣ ሸክላ ምን ቋንቋ ይናገራል ትለዋለች። እሱ፣ ቃልሽ ስንት ዓመቱ ነው፣ እስቲ አውጥተሽ አሳዪኝ ይላታል።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ስላልገባኝ፣ አንድ ምሳ ላይ፣ "ሰውዬው የተወው ርስት ብዙ ነው እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩ። ይልማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "ሰኢዶ፣ ርስት ቢኖረውማ በሽማግሌ እንጨርሰው ነበር" አለኝ። ሰሎሜ ግን አልሳቀችም። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳት። እንደ ወንድ አይደለም። የሚሰማኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር፣ ያ ነው።

ወደ አዋሽ ሸለቆ የመጡት ያንን ጭቅጭቅ በእኛው አገር ሊሞክሩት ነው። አፋርኛ፣ ሳሆ፣ ሶማሊኛና ኦሮምኛ ዘመዳሞች ናቸው። ሰሎሜ የፍየልን፣ የወተትን፣ የግልገልን ስም እየሰበሰበች፣ የእነዚህ ቋንቋዎች አባት ከብት አርቢ እንደነበር ላሳይ ነው የምትለው። ይልማ ደግሞ፣ እሺ፣ እኔ ከመሬት የፍየል አጥንት ላውጣና ዘመኑ ከቃልሽ ጋር ይገጥም እንደሆነ እንይ አላት። የጥንት ሰው ከሬሳው ጋር ፍየል ይቀብር ነበር ስለሚል፣ ለዚህ የጥንት መቃብር መክፈት ነበረበት። እዚያ አገር በየጉብታው ላይ ሰው የከመራቸው ትላልቅ የድንጋይ መቃብሮች አሉ። ከቅርስ ቢሮ ፈቃድ ነበራቸው። ግን የትኛው ባለቤት እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው የሚያሳይ የአገሩ ሽማግሌ ያስፈልግ ነበር።

ሽማግሌው ሁመድ ነው።

ጢሙን ሂና የተቀባ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሚሰቅልበት፣ ቀጭን ረጅም ሰው። ነገር አዋቂ ነበር። ለሰሎሜ የፍየል ስም በዕድሜዋ፣ በመልኳ፣ በቀንዷ ሲዘረዝርላት ይውልና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ስለ ፍየል ይህን ያህል የምትጠይቅ ሴት አንዲት ግልገል እንኳን የላትም? ባሏ ምን ይላል?" ይለኛል። ይሄንን ተረጎምኩላት። የሚያስቀውን ሁሉ እተረጉም ነበር።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጢጥ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዳጉ ወሬ ነው፣ ግን እንደ እኛ ወሬ አይደለም። ከየት መጣህ፣ ማን ሞተ፣ የት ዘነበ፣ የማን ከብት ታመመ፣ ምን አየህ፣ ከማንስ ሰማህ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። የሰማኸውን ለሚቀጥለው ሰው ታደርሳለህ። ዳጉ ላይ የዋሸ፣ ወይም ሊያደርስ የሚገባውን የደበቀ ሰው ይዳኛል። እኔ እዚያው ስላደግኩ ሁመድ እንደ ቤተኛ ነበር የሚያየኝ። በተገናኘን ቁጥር እኔና እሱ ቁጢጥ ብለን ዳጉ እንለዋወጣለን። ረጅም ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ምሁራኑ መኪናው ጥላ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። ይልማ፣ "ምን ይባባላሉ?" ይለኛል።

"ሰላምታ ነው" እለዋለሁ።

መጀመሪያ ቀን ደክሞኝ ስለነበር ነው። ሁለተኛው ቀንም አልኩት። ከዚያ ለመደብኝ። ግማሽ ሰዓት የተነገረ ነገር በሁለት ቃል ይዘጋል፤ ሰላምታ ነው። ይባስ ብሎ እኔም መስማት ተውኩ። ጆሮዬን አስቀምጬ ልቤ ወደ ምሳና ወደ ጥላ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ሁመድ በዚያው በተለመደው ድምፁ፣ ስለ ዝናብ በሚያወራበት ድምፁ፣ ስለ ልጁ ነገረኝ። ልጁ ሐዋ፣ የያሲን ሚስት፣ በድርቁ ጊዜ ከብት ይዘው ሲሰደዱ መንገድ ላይ ምጥ ይዟት ሞተች። መሬቱ ዐለት ሆኖ አልቆፈር አላቸው። ከጥቁሩ ጉብታ ላይ ካለው አሮጌ ክምር ጎን፣ በምሥራቅ በኩል አስተኝተው ድንጋይ ከመሩባት። ይሄን ሲነግረኝ ገና አልጨረሰም። ይልማ ክላክስ ነፋ። እኔም እሺ እሺ ብዬ ሱሪዬን አራግፌ ተነሣሁ። የመጨረሻውን አልሰማሁም።

ሰሎሜ ምን አሉ አለችኝ። ሰላምታ ነው አልኳት።

እስቲ ፍረደኝ። ሰው የልጁን ሞት ሲነግርህ ሰላምታ ነው ትላለህ? እኔ ብያለሁ። ያን ጊዜ ክፋት አልነበረም፣ ስንፍና ነበር። ስንፍና ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

በዚያው ሰሞን ምሳ ላይ ይልማ ሰሎሜን ሲያበሽቃት፣ የአንቺ ትምህርት በሰው አፍ የተንጠለጠለ ነው፣ አስተርጓሚው አንድ ነገር ቢጥል ግንቡ ሁሉ ይፈርሳል አላት። እሷ ቀና ብላ አየችኝና፣ "ሰኢድ አንድ ቃል አይጥልም" አለች። ማንበብ የማይችል ሰው ነኝ። ሹፌር ሲሰድበኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተማረች ሴት በሰው ፊት ይህን አለችልኝ። ደስታ ነበር። ደስታ ነውም አልልህም፣ ኩራት ነበር፤ ከኩራት ሁሉ የሚከፋው፣ የማይገባህን የምትበላበት።

ከዚያ ክምሮቹን ልንመርጥ ወጣን። ሁመድ ከፊት እየሄደ በዱላው ያሳያል። ይሄ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ነው፣ ባለቤቱን አናውቅም። ይሄም እንደዚያው ነው። ጥቁሩ ጉብታ ላይ ስንደርስ ግን ቆመና ዱላውን እንደ መዝጊያ ፊታችን አጋደመው። ይሄ አይነካም አለ።

ይልማ ደግሞ ከሁሉ የፈለገው ያንን ነው። ትልቁ እሱ ነው፣ ከሥሩ ያለው አደራደርም የጥንት ይመስላል አለ። ለምን አይነካም ብለህ ጠይቃቸው አለኝ። ጠየቅኩት።

ሁመድ ይልማን አላየም። እኔን አየኝ። "ነግሬሃለሁ" አለ።

ይቺው ናት። ለእሱ በቂ ነው። አንድ ጊዜ ከነገረኝ ነገሩ እኔ እጅ ላይ ነው። የሞተች ልጁን ስም በእንግዳ ፊት ሁለት ጊዜ የሚያነሣበት ምክንያት የለም።

"ምን አሉ?" አለ ይልማ። ሰሎሜም እየጠበቀች ነው።

እዚህ ላይ ነው የሞትኩት። ነግሬሃለሁ ነው ያለኝ ብል፣ መቼ ይሉኛል። ሰላምታ ላይ እላለሁ። ያን ጊዜ ሰሎሜ ያ ሁሉ ሰላምታ ሰላምታ እንዳልነበር ይገባታል። አንድ ቃል አይጥልም ያለችኝ ሰው፣ ቃል እንደ ገለባ ስበትን እንደከረምኩ ታውቃለች። ከአንዲት ሴት ዓይን ላለመውደቅ ብዬ ነው። እንጀራዬ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ግን አልነበረም።

"ቦታው ገደቢስ ነው ይላሉ" አልኩ።

ይልማ ፈገግ አለ። ሁመድ አማርኛ አይሰማም። ተርጉሜ እንደጨረስኩ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ዱላውንም ከፊታችን አነሣ። ነገሩ ደረሰ ብሎ ነው ያነሣው። አመነኝ።

በማግሥቱ ሁመድ በጭፍራ በኩል ዘንቧል ሲባል ግመሎቹን ይዞ ሄደ። ምሁራኑ ግራር ሥር ተከራከሩ። ሰሎሜ፣ ሽማግሌው እምቢ ካሉ እምቢ ነው አለች። ይልማ፣ ባለቤት አለው ቢሉ እኔም አልነካውም፣ ገደቢስ ነው ነው ያሉት፣ ይሄን ብንሰማ ኖሮ በዓለም ላይ አንድ መቃብር አይከፈትም ነበር አለ። ደግሞ ቀለደባት፤ ቃልሽን ከመሬት ላውጣልሽ ነው የምልሽ፣ አትፈልጊም? ትፈልግ ነበር። ሰው ናት። ወደ እኔ ዞረች።

"ሰኢድ፣ ሌላ ያሉት ነገር የለም?"

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ማንም አላስፈራራኝም። በለሰለሰ ድምፅ ነው የጠየቀችኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያድነኝ፤ ልጁ እዚያ አለች። እኔ አውቅ ነበር። እዚያ እንዳለች አውቅ ነበር። እያወቅኩ፣

"የለም" አልኩ።

ቁፋሮው ላይ የአፋር ልጅ አልጠራሁም። ለአገሩ ሸንኮራ እርሻ ሥራ ከደጋ የወረዱ ሰዎች አመጣሁ። ለምን? የአገሩ ልጅ ቢሆን የማን መቃብር እንደሆነ ያውቃላ። ታዲያ ይሄም ስንፍና ነበር? ሐዋ በምሥራቅ በኩል ስለሆነች፣ ይልማን በምዕራብ በኩል እንጀምር፣ ጥላ አለው አልኩት። በልቤ፣ ሳይደርሱባት ያበቃል ብዬ። እንዲህ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እሱ ግን ክምሩን ዞሮ ዞሮ አየና በምሥራቅ በኩል ቆመ። እዚህ ጋ ድንጋዩ ፊቱ ይለያል፣ ፀሐይ አላጠቆረውም፣ በቅርብ የተነካ ይመስላል አለ። ባለሙያ ነው፣ ድንጋዩ ነግሮታል። እኔ ቶሎ ብዬ፣ ፍየል ጠባቂዎች ናቸው፣ እንዲያ መከመር ልማዳቸው ነው አልኩት። እሱም እንግዲያው ይሄን የላይ የላዩን አንሡና የጥንቱን እንየው ብሎ አዘዘ።

እኔው ነኝ እዚያ ጎን ላይ ያስጀመርኩት። በአፌ።

ድንጋዩን ከሚያነሡት አንዱ የጎጃም ሰው ነበር። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። እጁን ከድንጋዩ አልሳበም። ቀርበን አየን። ነጭ ጨርቅ። ያልበሰበሰ። ደረቅ አገር ስለሆነ ምንም አልሆነም፣ ትናንት የተጠቀለለ ይመስል ነበር። ከላይ በኩል ከፈኑ ተላቆ የተሠራ ጸጉር ታየ። ሹሩባ። ሰውዬው አማተበና ወደ ኋላ ሄደ።

እኔ ይሄን እጠብቅ ነበር። ውስጤ ሲነግረኝ ያደረው ይሄንን ነው። ያልጠበቅኩት ከጎኗ ያለው ነው። ክንዷ ሥር፣ በሌላ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ዳቦ የሚያህል ነገር ነበር።

ሁለት ነበሩ።

ሁመድ ያን ጠዋት ሊነግረኝ የቀረው ስለ ሕፃኑ ነው። ክላክሱ ሲነፋ፣ እኔ ሱሪዬን ሳራግፍ ያልሰማሁት እሱን ነው። ዛሬም ጎማ ስፈታ፣ ሻይ ስጠጣ፣ ሰው ሲያናግረኝ፣ ድንገት ይመጣብኛል። እጄ ላይ ያለው መፍቻ ይወድቃል። ደንባራ ሰውዬ ይሉኛል ሹፌሮቹ።

ሰሎሜ መሬት ላይ ተቀመጠች። ይልማ ባርኔጣውን አወለቀ። በቀስታ፣ ይሸፈን፣ እንደነበረ ይሸፈን አለ። ሠራተኞቹ ሸሽተው ስለነበር እኔና እሱ ነን የሸፈንነው። ድንጋይ እያቀበለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ "ታውቅ ነበር?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩ። እጄ ላይ የመቃብሯ ድንጋይ እያለ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰመራ ገባ። በሦስተኛው ቀን የሟቿ ባል ጎሳ ሁመድን ከጭፍራ አስጠርቶ ከሰሰ። ከተማሩት ሰዎች መኪና ላይ ሲወጣና ሲወርድ ታይቷል፣ የልጁን መቃብር ሸጠ አሉ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ያሲን፣ ባልየው፣ ገና ወጣት ነበር፣ ጥርሱን ነክሶ መሬት መሬት ያያል። ሁመድ ራሱን አልተከላከለም። እኔ ከልክያቸው ነበር አላለም። ለአስተርጓሚው በዳጉ ነግሬዋለሁ፣ ጠይቁት ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ሰኢድ፣ ንገራቸው።"

ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም። እኔ እንዳለሁለት እርግጠኛ ነበር። ይሄ ነው የሚገድለኝ። ይክደኛል ብሎ ቢጠረጥረኝ፣ በዓይኑ ቢለማመጠኝ፣ ምናልባት እውነቱን አወጣው ነበር። ውሸት ነው፣ አላወጣውም ነበር። የያሲን ዘመዶች ጊሌ የሚሉትን የአፋር ጩቤ ታጥቀው ነው የተቀመጡት። ጥፋቱ ከሁመድ ራስ ላይ ሲወርድ እኔ ላይ ነበር የሚያርፈው።

"ወላሂ አልነገረኝም" አልኩ። በአላህ ስም።

ሁመድ አየኝ። አልሰደበኝም። ዱላውን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገና ሁለት እጁን ሰቀለበት። ከዚያ በኋላ የጠየቁትን አልመለሰም።

ፈረዱበት። ከብቱን ከፈለ፣ እሱ ቀላሉ ነው። ቃሉ ተጣለ። ዳጉውን የሚቀበለው ጠፋ። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኘው አይቆምለትም። የት ዘነበ ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ የት እንደዘነበም የሚነግረው የለም። በዚያ አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ግመልህን ወዴት እንደምትነዳ አታውቅም። ማን እንደሞተብህ አትሰማም። ሰው ሆነህ ከሰው መሃል ጠፋህ ማለት ነው።

ሰሎሜ ልትሄድ ስትል፣ ሽማግሌው ለምን አልነገሩንም ኖሯል ብላ ጠየቀችኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ዛሬም እሱ እንዳሳታት ነው የምታውቀው። ባለፈው በሬዲዮ ስለዚያው ስለ ጋሪና ቀንበር ስትናገር ድምፅዋን ሰማሁት። ደህና ናት። ክርክሩ አላለቀም አለች። አጥፍቼ ወደ ጎማዬ ዞርኩ።

እኔ ከሰመራ ሸሽቼ አዋሽ ገባሁ። የጎሚስታ ሥራ የመረጥኩት ንግግር ስለማይፈልግ ነው። ባለፈው በጋ ከጭፍራ ፍየል የጫነ ሹፌር ጎማው ፈንድቶበት መጣ። ስሠራለት፣ አብሮት የመጣው ሰው ወሬ ጀመረለት፤ አንድ የተረገመ ሽማግሌ ነበር፣ የልጁን መቃብር ለዶክተሮች የሸጠ፣ ሰሞኑን ብቻውን ጎጆው ውስጥ ሞቶ ተገኘ አለው። ከሞተ ስንት ቀኑ እንደሆነ ያወቀ የለም፣ ጠያቂ አልነበረውማ አለ። ሹፌሩ፣ "የእጁን ነው ያገኘው" አለ።

እኔ ብሎኑን አጠበቅሁ። ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ሰውየው ከሞተ በኋላ እንኳን፣ የሚያስፈራራኝ በሌለበት፣ በገዛ ቤቴ በር ላይ፣ አንድ ቃል አልወጣኝም። መኪናው ከሄደ በኋላ ጎማዎቹ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ጭፍራ የሄድኩት። ቢያንስ ስሙን ልመልስለት ብዬ። ያሲንን ገበያው ዳር አገኘሁት። ሌላ አግብቷል፣ ጢም አውጥቷል። ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወላሂ ሁመድ ነግሮኛል አልኩ። እኔ ነኝ የደበቅኩት አልኩ። ልታርደኝ ብትፈልግም እዚሁ ነኝ አልኩት። እውነቴን ነው፣ ተስፋ አድርጌም ነበር።

ያሲን እስክጨርስ አላቋረጠኝም። አልተቆጣም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሁመድ ዘመዶች ስንት ሰጡህ አለኝ። ማንም አልሰጠኝም አልኩ። እንግዲያው ምስክርህ ማን ነው አለ። እኔና እሱ ብቻ ነበርን አልኩ። ሌላኛው ሳቀ፣ እሱ ሞቷል አለ።

ያሲን ግን አልሳቀም። "ያኔ በአላህ ስም ምለህ አልነገረኝም አልክ" አለኝ። "ዛሬ በአላህ ስም ምለህ ነግሮኛል ትላለህ። የትኛውን ሰኢድ ልመን?"

ተነሡና ወደ ገበያው ገቡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ላሳያቸው የምችለው ነገር የለም። መቃብሩ ቢከፈት ሐዋና ልጇ አሉ፣ ሁመድ ለእኔ መናገሩ ግን እዚያ ውስጥ የለም። ያለው እኔ አፍ ውስጥ ነው፣ ይሄን አፍ ደግሞ ያረከስኩት ራሴ ነኝ።

ይቅርታ አልጠይቅህም። አንተ ልትሰጠኝ የምትችለው አይደለም። ስንፍና ነበር፣ ኩራት ነበር፣ ፍርሃት ነበር ብዬ ነግሬሃለሁ፣ ከእነዚህ አንዱም ምክንያት አይሆነኝም። ብታምነኝም ባታምነኝም ሆኗልና ጽፌዋለሁ። ሁመድ ነግሮኛል። በጠራራ ፀሐይ፣ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብሎ፣ የልጁን ስም ጠርቶ ነግሮኛል።